ጳጉሜ 6 የወለደች እናት

(ባለፈው ቅዳሜ በኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ለተሰበሰቡ ወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው እዚህም እዚያም ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ?

ልጄ 10 ዓመቷ ነው። ልደቷ ግን እስከ ዛሬ የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ቀልድ አይደለም። የተወለደችው ጳጉሜ 6 ቀን 2007 ነው። ጳጉሜ 6 ደግሞ በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ብቻ ነው ብቅ የምትለው። በ2011 መጣች፣ በ2015 መጣች። ከዚህ በኋላ 2019 ላይ ነው የምናገኛት። በሌላው ዓመት ልጄ ጳጉሜ 5 ማታ ትተኛና መስከረም 1 ጠዋት ትነሳለች። ልደቷ መሀል ላይ ወድቆ ይቀራል።

ኮሚቴው «ስለ ልጆች ልደት አንድ ነገር በይን» ሲለኝ ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። አምና በዚህ ኮሚናል ወረፋ ተኳርፈናል። አንዷ ዲኮር ስታስገባ ሌላዋ ካሜራማን ትጨምራለች። የእቁብ ብሯን ለልደት ያወጣች አለች። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ግን አሁን እየሳቀች ነው። እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ መስበክ አልችልም። የደረሰብኝን ነው የማወራችሁ።

ድሮ እኛ አገር ልደት የሚከበርላቸው ጥቂቶች ነበሩ። የጌታ ልደት አለ፣ ገና። የእመቤታችን ልደት አለ፣ ግንቦት 1። የጃንሆይ ልደት ሐምሌ 16 ብሔራዊ በዓል ነበር። የቀረው ሕዝብ ይወለዳል እንጂ ልደት የለውም። ለልጅ የሚደገሰው ክርስትና ሲነሳ ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በ7ኛው ቀን አቂቃ ያርዳሉ። ጴንጤዎቹ ልጃቸውን ያስባርካሉ። አንዴ ተደግሶ አለቀ፤ በየዓመቱ ሻማ የሚባል ነገር የለም።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የልጁን ዓመት የሚቆጥር ሰው ልጁ እንደሚያድግለት እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው። አያቶቻችን እርግጠኛ አልነበሩም። ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተካልኝ የሚሉትን ስሞች አስቧቸው። ከእነሱ በፊት ሌላ ልጅ ነበረ ማለት ነው። እናቴ 7 ወልዳ 2 ቀብራለች። ከወንድሞቼ አንዱ ከእነዚህ ስሞች አንዱን ይዞ ይኖራል። በእንዲህ ያለ ቤት «ልጄ ዓመት ሞላው» ብሎ አደባባይ መውጣት ዓይን መጥራት ነው።

ግን አያቶቻችን ልደት ማክበር አያውቁም ካላችሁኝ አልስማማም። ግንቦት ልደታን አስቡት። ጎረቤቱ ሁሉ ይወጣል። ደጅ ላይ ጉልቻ ተጎልቶ ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው ተቀላቅሎ ንፍሮ ይቀቀላል። ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። ለምን ደጅ ላይ ቢባል፣ እመቤታችን የተወለደችው ከቤት ውጭ፣ ሊባኖስ ላይ ነው ይባላል። ልብ በሉ፣ ይህ የአንዲት ሕፃን ልደት ነው። ደግሞም የእናቷ የሐና ቀን ነው፤ መካን እየተባለች የኖረች ሴት ልጅ ያቀፈችበት ቀን። ኬክ የለውም እንጂ እኔ ከዚህ የሚበልጥ የልደት ፓርቲ አላየሁም። ዲኮሩም ቄጠማ ነው፤ ርካሽ።

ወደ ራሴ ልመለስ።

ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ቅዱስ ሩፋኤልን ፈታሔ ማኅፀን ይሉታል፤ ነፍሰ ጡር የምትማጸነው መልአክ ነው። እናቴ ቀኑን ቆርጣ ይዛዋለች። የሰፈር ልጆች በሩፋኤል ዝናብ ራቁታቸውን ሲሯሯጡ በመስኮት እያየች «ዛሬ ነው» አለችኝ። ዛሬ አልሆነም። በማግስቱም አልሆነም። ጳጉሜ 5 ማታ ምጥ ያዘኝ።

ስለ ምጡ ብዙ አልልም። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ አባቶች ብነግራችሁም አይገባችሁም። በር ላይ እናቴና ሁለት ጎረቤቶች «ማርያም ማርያም» ይላሉ። ውስጥ አዋላጇ «አይዞሽ፣ ግፊ» ትለኛለች። ሲነጋጋ ተወለደች። ደረቴ ላይ ሲያደርጓት መጀመሪያ ያየሁት ጆሮዋን ነው። ቁጭ የአባቷ ጆሮ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ፣ ያበጠው የእኔ እግር፣ ጆሮው የሱ። እውነቱን ልንገራችሁና መጀመሪያ የመጣብኝ ፍቅር አይደለም፣ ሳቅ ነው። አዋላጇ ደንግጣ አየችኝ።

ፍቅሩ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ሆዴ ውስጥ ሳለች ማታ ማታ ስቅ ይላት ነበር። እምብርቴ አጠገብ ጥ፣ ጥ፣ ጥ ትላለች፤ እጄን እዚያ አድርጌ እስኪተዋት እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ጡት ጠብታ ደረቴ ላይ እንዳለች ስቅ አላት። ያው ስቅታ፣ ያው አመታት፣ አሁን ግን ከውጭ። «አንቺ ነሽ እንዴ!» አልኳት ጮክ ብዬ። ባሌ ከእንቅልፉ ባኖ «ምን ሆነች?» አለ። ምን ብዬ ልንገረው? እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሆዴ ውስጥ የነበረችው ሌላ፣ አልጋው ላይ ያለችው ሌላ ትመስለኝ ነበር። ስለ እናትነት ደስታ ሲወራ ብዙ ሰው ትልልቅ ነገር ያወራል። የእኔ ስቅታ ነው።

የእልልታውን ነገር ረስቼው። በብዙ ቦታ ለወንድ 7፣ ለሴት 3 ነው እልል የሚባለው። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ 7 ጊዜ አቀለጠችው። አንዷ ጎረቤት «ሴት ናት እኮ» ብትላት «ቁጥር ጠፍቶብኝ ነው» አለች። ገበያ ላይ ሳንቲም የማይጠፋባት ሴት ናት።

ከዚያ ሁሉም እየተከታተሉ ገቡ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» «ማርያም ታኑራችሁ።» አንዱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ ያው ነው። ልብ በሉ፣ የተባለው ለእኔ ነው። ሕፃኗን «እንኳን ተወለድሽ» ያላት አንድም ሰው የለም።

ማረችሽ የሚለው ቃል ዝም ብሎ ወግ ይመስለኝ ነበር። የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ የገባኝ በቁጥር ነው። በ1992 የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞታሉ ብሎ ነበር። ልጄ ዓመት ሳይሞላት በ2008 የተሠራው ጥናት ቁጥሩን 412 አደረሰው። ከግማሽ በታች ወርዷል፣ እሰየው ነው። ግን 412 ማለት ከ240 ወሊድ በአንዱ ገደማ እናትየዋ አትመለስም ማለት ነው። ይህ ግቢ ስንት ቤት እንዳለው ታውቃላችሁ።

በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነበር። አገሩ ሁሉ ዶሮ ሲበላ እኔ ገንፎ ቀረበልኝ። የገብስ ገንፎ፣ መሀሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤና በርበሬ የተሞላ። የአራስ ገንፎ የሚጣፍጠው ርቧት ስለምትበላው ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ «ጨምሪ፣ ይህችን ብቻ» የሚላት ሰው ስላለ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ነገር ወጣት እናቶች ላያውቁት ይችላሉ። ያኔ ይሠራበት የነበረው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው ፈቃድ 60 ቀን ነበር። የሴት ልጅ ክርስትና 80 ቀን ነው። ልዩነቱን አስሉት። ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ገና 20 ቀን ሲቀረኝ ቢሮ ገብቼ ደመወዝ እሠራለሁ። ጡቴ ወተት ሲያፈስ ሽንት ቤት ገብቼ አልቤ እደፋለሁ። የሚቀመጥበት ቦታ የለማ። በ2011 የወጣው አዋጅ 1156 ቀኑን 90 አድርጎታል። አባትም 3 ቀን ተሰጥቶታል። 3 ቀን! ለሰርግ እንኳን አይበቃም።

ሰማንያኛው ቀን ኅዳር ጽዮን ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዋለ። ያ ማለት ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው። የልጄ የክርስትና ድግስ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ሆነ። አማቴ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ምን ላድርግ?

ከዚያ ደግሞ የቀኑ ጣጣ መጣ። ለልደት ምስክር ወረቀት አንድ ቢሮ ሄድኩ። ኮምፒዩተሩ ጳጉሜ 6ን አልቀበልም አለ። ጸሐፊዋ በቅንነት «ጳጉሜ 5 ልበልልሽ?» አለችኝ። «ጳጉሜ 5 እኮ ምጥ ላይ ነበርኩ» አልኳት። ሁለት ቀን ተመላልሼ በመጨረሻ በእጅ ተጻፈልኝ።

ቤት ውስጥም ክርክር ነው። እናቴ ጳጉሜ 5 ይከበር ባይ ናት፤ ሕፃን ልጅን ከዘመን ዘመን አታሻግሯት ትላለች። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ደግሞ ፓስፖርት ነው የምታውቀው። በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ናት፤ እሱ በየዓመቱ ይመጣል። ግን ሴፕቴምበር 11 በእኛ በተራው ዓመት መስከረም 1 ላይ ይውላል። አሜሪካ ያ ቀን የ2001ዱ ጥቃት መታሰቢያ ነው። እህቴ ስትደውል ሁሌ የምትለው አንድ ነው፦ «እዚህ ሐዘን፣ እናንተ ጋ እንቁጣጣሽ፣ እኔ መሀል ላይ ሆኜ ሃፒ በርዝዴይ።»

በእህቴ ሐሳብ ጸናን። የአንደኛ ዓመቷ ለታ ቶርታ ገዝቼ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። የበዓል ግፊያ ነው። ዶሮ አለ፣ ቄጠማ አለ፣ ሰው በሰው ላይ ነው። ወያላው አየኝና «እናት፣ ኬኩን ወዲህ በይ» ብሎ ተቀበለኝ። ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ ካርቶኑን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው እጁ ሂሳብ እየሰበሰበ እስከ ሰፈር አደረሰው። ስወርድ ክሬሙ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው የተነካው። ሂሳብ ብሰጠው «ለልጅቷ ይሁን» አለኝ። እሱን ልጅ አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል።

ከሁሉም ግን ሦስተኛ ዓመቷን አልረሳም። የእንቁጣጣሽ ጠዋት ነው። ኬኩ ጠረጴዛ ላይ ነው። በሩ ተንኳኳ፤ ልጄ ቀድማኝ ሄዳ ከፈተች። ነጭ ቀሚስ የለበሱ አምስት ስድስት ልጆች አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» ይላሉ። ልጄ አፏን ከፍታ ቆመች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። ዘፈኑ እስኪያልቅ አልተነቃነቀችም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

ለእሷ ልደት የመጡ መስሏት ነው! ትልቋ ልጅ ብልህ ናት፤ ገባት። «ሰማና ነዋ!» አለቻት። በቃ፣ ኬኩ ለነሱ ተቆረሰ። እንግዶቻችን ሲመጡ የጠበቃቸው ፈንዲሻና ቆሎ ነው። እስከ አምስት ዓመቷ ድረስ አገሩ ሁሉ አዲስ ልብስ የሚለብሰው ለሷ ይመስላት ነበር። እኔም አላረምኳትም። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ነው።

በአራተኛ ዓመቷ፣ በ2011፣ እውነተኛዋ ጳጉሜ 6 ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። እዚህ ላይ አበድኩ። አራት ዓመት የጠበቅኳት ቀን ናታ! ዲኮር አስገባሁ፣ የፊኛ ቅስት አሠራሁ፣ ካሜራማን ጠራሁ። ቀኑ ረቡዕ ሆኖ አረፈው። ያውላችሁ፣ እንደገና ጾም! የጾም ኬክ አዘዝኩ። ጥሪው 9 ሰዓት ነበር። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ባለ ልደቷ ጠፋች። ስንፈልጋት ጠረጴዛው ሥር፣ የጠረጴዛውን ልብስ ለብሳ ተኝታለች። ከጠዋት ጀምሮ «አትነካኪ፣ ቀሚስሽ ይቆሽሻል» ስንላት ደክሟት ነው። በቪዲዮው ላይ ሻማውን እፍ የሚለው የጎረቤት ልጅ ነው። የከፈልኩትን ብር አልነግራችሁም፤ ባሌ እዚህ አለ።

አምስተኛው የኮሮና ዓመት ነው፤ ኬክ ላይ መተንፈስ የሚያስፈራበት። አራት ሆነን በላን፣ አለቀ።

እናቴ በልደቱ ቀን ስልክ ስትደውል አንድ ልማድ አላት። ልጅቷን አታስጠራም። መጀመሪያ እኔን ነው የምትፈልገው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትለኛለች። በየዓመቱ። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። «እማዬ፣ አራስ ነኝ እንዴ?» እላታለሁ። በ2015 ጳጉሜ 6 ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ ዲኮሩን ተውኩትና እናቴን ጠራኋት። ጎህ ሲቀድ ተነስታ ገንፎ አገነፋች። ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ቅቤው መሀል ማንኪያዋን እየነከረች «ይሄ የማን ምግብ ነው?» ብላ ጠየቀች። «የናትሽ ነው። አንቺን ስትወልድ የበላችው» አለቻት። ከዚያ ስለዚያች ሌሊት ነገረቻት። ዝናቡን፣ 7ቱን እልልታ፣ ጆሮዋን። ልጄ አራት ሻማና አምሳ ፊኛ ያላሳሰቧትን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ማሚ፣ አሞሽ ነበር?»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ገንፎ፣ ከሰዓት ኬክ ነው ልማዳችን። ኬኩን አልጠላሁም፤ ልጅ ኬክ ይወዳል፣ ምን አገባኝ። ገንፎው ግን የእኔ ነው።

በዚህ ብሎክ እህቷ በወሊድ የሞተችባት ሴት አለች። እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ልጁን የምታሳድገው እሷ ናት። በልደቱ ቀን ሻማ ታበራለታለች፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። አንድ ቀን ለሁለት የተነጠቀ ነው፤ ልደትና ሙት ዓመት። አምና ገንፎ ይዤላት ሄድኩ። «እኔ እኮ አልወለድኩትም» አለችኝ። «ብይ» አልኳት። በላች።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ቡናው ይቅረብ።

እናቴ የተወለደችበትን ቀን አታውቅም። ስትጠየቅ መልሷ «የጃንሆይ ኢዮቤልዩ ሰሞን፣ ጤፉ ሲያሸት» ነው። ልጄ ይህን አልተቀበለችም። አባቷን አስጨንቃ የብር ኢዮቤልዩው ጥቅምት 1948 እንደነበር አገኘች። «እንግዲያው እማማ የጥቅምት ናት» ብላ ፈረደች። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ይሄ ነው። እናም በጥቅምት 2016 እናቴ በ68 ዓመቷ የመጀመሪያ ልደቷን አከበረች።

ገንፎውን ያን ቀን ያገነፋሁት እኔ ነኝ። ጓጎለብኝ፤ እናቴ አይታ ዝም አለች። ድፎ ዳቦው ላይ አንድ ሻማ ሰካን። እፍ በይ ስትባል እንቢ አለች። «ሻማ ይበራል እንጂ ይጠፋል እንዴ? ደግሞ በገዛ ትንፋሼ!» ተውነው፤ እንደ በራ ቆየ።

ልጄ ስታስብ ቆይታ «እኔ ስወለድ እንኳን ማርያም ማረችሽ የተባለችው ማሚ ናት። ማሚ ስትወለድ እማማ። እማማ ስትወለድስ?» አለች።

«ለናቷ ነበር» አልኳት። «አሁን ግን የለችም።»

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ለሷማ ነፍሷን ይማር ነው የሚባለው።»

ልጄ የቤት ሥራ እንደምትሠራ ሁሉ ለራሷ አንሾካሾከች። «ማረችሽ… ይማር… ማረችሽ…» ከዚያ ቀና ብላ «ያው እኮ ነው!» አለች።

እናቴ ወደ ሻማው ዞረች። ትንሽ ቆይታ፣ ከእኛ ጋር እንዳልሆነች ሁሉ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እማዬ» አለች።

እናቴ «እማዬ» ስትል የሰማኋት ያን ቀን ብቻ ነው።